ሞተሩ በአንድ መስኮት፣ ሰውየው በሌላ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ፣ ከዚያም በያቤሎ በኩል ወደ ደቡብ የወረደ ሞተረኛ ሞያሌ ሲገባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ጨርሷል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ቀኙን ይዞ ነው። ከኬላው ማዶ ግን የሚነዳው በግራ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሌላ ካልተባለ በቀር በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሱዳን በ1973 ተከተለች፤ ኬንያ ግን ከእንግሊዝ የወረሰችውን ግራ አልለቀቀችም። መኪና ነጂ እንዲህ ሲሻገር መሪው በማይመቸው ጎን ይቀርበታል። ሞተረኛ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ ከሞተሩ የሚለወጥ ነገር የለም፤ መለወጥ ያለበት ልማዱ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ሌሎቹን ተከትሎ ስለሚሄድ ብዙም አይሳሳትም። የሚያሰጋው በማግስቱ ጠዋት ከማደያ ሲወጣ፣ ጭር ባለ አስፋልት ላይ፣ እጁ ሳያስበው ወደለመደው ቀኝ ሲወስደው ነው።

ድንበር በሞተር ስለማቋረጥ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው እንዲህ ያለው ነገር ነው፦ መንገዱ፣ አቧራው፣ ፒስታው፣ የጎማው መፈንዳት። ረጅም ርቀት የነዱ ሰዎችን ቀርበህ ብትጠይቅ ግን የሚነግሩህ ስለ ወረቀት ነው። ጎማ ይለጠፋል፤ የታጠፈ ፔዳልም ብየዳ ቤት ይቃናል። አንድ ማህተም ሲጎድል ግን ሞተሩ ምንም ሳይሆን ጉዞው እዚያው ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ መንገዱን ትቼ መስኮቶቹን ልከተል።

መስኮቶቹ ሁለት ናቸው። ኬላው ላይ የቆመው አንድ ሰው በአንድ ሞተር ላይ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን የመጡት ሁለት ናቸው። ሰውየው እንግዳ ነው፣ ሞተሩ ዕቃ ነው። ኢሚግሬሽን ስለ ሰውየው ይጠይቃል፦ ማን ነህ፣ ስንት ቀን ትቆያለህ፣ ቪዛህ የታል? ጉምሩክ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል ወይ፣ ይዘኸው ትወጣለህ ወይስ እዚህ ትሸጠዋለህ? የውጭ ታርጋ የለጠፈ ሞተር በጉምሩክ ዘንድ ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ ገብቶ ገና ያልወጣ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ቀረጥ፣ ኤክሳይስ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ሲደራረቡ የአንድ ተሽከርካሪ ዋጋ የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ቱሪስት ነኝ ብሎ የገባ ሁሉ ሞተሩን ሸጦ በአውሮፕላን ቢመለስ የአገሩ አስመጪ ምን ይውጠዋል? የጉምሩክ ሠራተኛው ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ ብዙ ተጓዦች ይህን ስለማይቀበሉ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ ጠብ ይጀምራሉ።

ለዚህ ጥርጣሬ የተገኘው መፍትሔ በእኔ ግምት ለድንበር ተጓዦች ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ብልህነት የታየበት ነው። ስሙ ካርኔ ደ ፓሳዥ ይባላል፤ ሞተረኞች ካርኔ ብለው ያሳጥሩታል። ነገሩ እኛ አገር ዋስ መጥራት ከምንለው ጋር አንድ ነው። ሞተሩ የተመዘገበበት አገር የአውቶሞቢል ማህበር ከባለቤቱ መያዣ ይቀበላል፤ መያዣው ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ ዋስትና ወይም የመድን ውል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማህበሩ ለሌሎች አገሮች ጉምሩክ ሁሉ ዋስ ይሆናል፦ ይህ ሞተር በጊዜው ካልወጣ ቀረጡን እኛ እንከፍላለን ይላል። ማህበራቱ በሁለት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥር የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ቃል ያከብራል። ሕጋዊ መሠረቱ በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት በ1954 ኒው ዮርክ ላይ የተፈረመው የግል ተሽከርካሪዎች ጊዜያዊ አገባብ ስምምነት ነው። በእኛ አካባቢ የኬንያ አውቶሞቢል ማህበር፣ በአህጉሩ ጫፍ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ካርኔ ይሰጣሉ።

ደብተሩ ባለ 5፣ ባለ 10 ወይም ባለ 25 ቅጠል ሆኖ ይመጣል፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ዓመት ነው። አንዱ ቅጠል ለአንድ አገር ነው፣ በሦስትም ይከፈላል። ሲገባ የመግቢያውን ቁራጭ ጉምሩክ ይወስዳል፤ ሲወጣ የመውጫውን ቁራጭ የመውጫው ኬላ ይቀድዳል፤ ጉርዱ ሁለቱንም ማህተም ይዞ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ጉዞው አልቆ ደብተሩ ወደ ማህበሩ ሲመለስ ጉርዶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሁሉም ሁለት ሁለት ማህተም ካላቸው መያዣው ይለቀቃል።

የመያዣው መጠን በሞተሩ ዋጋና በሚሄድበት አገር ይወሰናል። ቀረጣቸው ከፍተኛ የሆነ አገሮች በጉዞው ውስጥ ካሉ፣ ግብፅና ኢራን በዚህ ይታወቃሉ፣ መያዣው ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አሮጌ ሞተር ይዞ መውጣትን ብዙዎች የሚመርጡት ለዚህም ነው። ዋጋው ሲያንስ ዋሱም ያንሳል።

ይህ ሁሉ ብልሃት የሚፈርሰው በአንዲት የመውጫ ማህተም ነው። ሞተረኛው ከጠዋት ጀምሮ ሲነዳ ውሏል፤ ኬላው ሊዘጋ ሰዓታት ቀርተውታል፤ የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ ፓስፖርቱን መትቶ "ሂድ" ይለዋል። ጉምሩኩ ግን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም ከመንደሩ መግቢያ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሠራተኛው ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ሞተረኛው ያልፋል። በሕግ ዓይን ሰውየው ወጣ፣ ሞተሩ ግን እዚያው ቀረ። ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ፣ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ያ አገር ቀረጡን ከማህበሩ ሲጠይቅና ማህበሩም ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ነው። ማምለጫ አለው፦ ሞተሩን አገሩ ባለው ጉምሩክ ፊት አቅርቦ፣ የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምሮ፣ "ሞተሩ እዚህ ነው" የሚል ምስክር ወረቀት ማጻፍ። ሞተሩ መንገድ ላይ የተሰረቀበት ወይም የተቃጠለበት ሰው ግን ይህ በር የለውም። የፖሊስ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ጉምሩክ ከዝርዝሩ እስካልሰረዘው ድረስ ሞተሩን ያጣ ሰው ቀረጡንም ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጓዦች አንድ ልማድ አላቸው። ካርኔው እጃቸው ሲመለስ ከመስኮቱ ሳይርቁ ቀኑን፣ የኬላውን ስም፣ የሻንሲውን ቁጥር ያነባሉ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። አንዱ ተሳስቶ ቢጻፍ በሚቀጥለው ድንበር የያዝከው ሞተር የሌላ ሰው ሞተር ይሆናል።

ካርኔ የማይጠየቅበት ዓለምም ሰፊ ነው። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ጉምሩኩ እዚያው ድንበር ላይ ጊዜያዊ የማስገቢያ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ በብዙዎቹ አገሮች ጊዜው 90 ቀን ነው። ሩሲያ፣ ካዛኽስታን፣ ኪርጊስታን፣ ቤላሩስና አርመን አንድ የጉምሩክ ክልል ስለሆኑ አንዱ ጋ የተጻፈው ወረቀት ለሌላውም ይሠራል። ደቡብ አፍሪካ፣ ናሚቢያ፣ ቦትስዋና፣ ሌሶቶና ኢስዋቲኒም በ1910 በተመሠረተ፣ ከዓለም የጉምሩክ ኅብረቶች ሁሉ በዕድሜ በሚልቅ ኅብረት ታቅፈዋል። ቻይና ሌላ ነገር ናት። ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ አትቀበልም፤ የራሷን ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድና ታርጋ ትሰጣለች፣ አስጎብኚም ከጎን እንዲኖር ትጠይቃለች።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚበላ ተብሎ በተጓዦች ዘንድ ስሙ የሚነሳው የግብፅ ድንበር ነው። እዚያ ካርኔው ብቻውን አያልፍም። የትራፊክ ፖሊስ ሞተሩን ይመረምራል፤ የሻንሲው ቁጥር ላይ ወረቀት ይለጠፍና በእርሳስ ይታሻል፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ላይ እንዲነሳ። ከዚያ መድን ይገዛል፤ በመጨረሻ የግብፅ ታርጋና በዐረብኛ የተጻፈ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል። ሞተሩ እስኪወጣ ድረስ ግብፃዊ ሆኖ ይነዳል፤ ሲወጣም ታርጋው ይመለሳል። አንድ ሙሉ ቀን መውሰዱ የተለመደ ነው። እኔ ይህን አሠራር እንደ ብዙዎቹ አላወግዘውም። አድካሚ ነው፣ ግን ደረጃዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ተራ ጠብቆ ያጠናቀቀ ሰው ይገባል። የሚያስፈራው ደንቡ በየሠራተኛው የሚለያይበት ኬላ ነው።

የግብፅና የሱዳን ድንበር ታሪክ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከካይሮ ተነስቶ ኬፕ ታውን ለመድረስ ለሚመኝ ሞተረኛ ሁሉ ለዓመታት ማነቆ የነበረው አስዋን ነው። በየብስ የሚያሻግር ክፍት ኬላ አልነበረም፤ በናስር ሐይቅ ላይ ወደ ዋዲ ሐልፋ የሚሄደው ጀልባ በሳምንት አንዴ ነበር፣ ተሽከርካሪዎችም ብዙ ጊዜ በሌላ የጭነት ጀልባ ተከትለው ይደርሱ ነበር። ሰውየው ዋዲ ሐልፋ ገብቶ የሞተሩን መምጣት ቀናት ይጠብቃል። እንግዲህ ሁለቱ ተጓዦች በውኃም ይለያዩ ነበር ማለት ነው። በነሐሴ 2014 የቁስጡል የየብስ ኬላ ሲከፈት፣ ቀጥሎም በ2016 አርጊን ሲጨመር፣ መንገዱ ከእስክንድርያ እስከ መተማ ተያያዘ። ከዚያ በገላባትና በመተማ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ። በኬንያ በኩልም ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው፣ በኮረትና በጎርበጥባጣ ስንት ሞተር የሰባበረው 500 ኪሎ ሜትር አስፋልት ሆነ። አህጉሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምሥራቅ በኩል መንዳት እንደ አሁኑ ዘመን ቀሎ አያውቅም የተባለው ያኔ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አልሞላም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ሰው ከዚያች ከተማ እግሬ አውጪኝ ሲል ስለ ሞተረኞች ጉዞ ማውራት ያሳፍራል፤ ግን መንገዱ የተቆረጠው ለሁሉም ነው። ዛሬ ከሰሜን የሚመጣ ተጓዥ ወይ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ይዞራል፣ ወይ ሞተሩን ቤንዚኑን አፍስሶና ባትሪውን ነቅሎ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ያሻግራል።

ድንበር በአንድ ቀን እንደሚከፈት፣ በዝምታም እንደሚዘጋ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር የእንቁጣጣሽ ለት፣ ከኤርትራ ጋር የሚያገናኙን ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ሃያ ዓመት ያልተያዩ ወንድማማቾች መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ መኪናውም ሰውም ያለ ቪዛና ያለ ማህተም ይመላለስ ነበር። ወራት ሳይቆይ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። አልጄሪያና ሞሮኮ ከ1994 ጀምሮ የየብስ ድንበራቸውን ዘግተዋል። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ደግሞ የሚዘጋ ኬላ ቀርቶ መንገድ ራሱ የለም። ከአላስካ የሚወርደው አውራ ጎዳና ዳሪየን ጫካ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቋረጣል፤ ሞተሮች በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ይሻገራሉ።

ወደ ሞያሌ ልመለስ፤ ብዙ ነገር የሚታየው እዚህ ነው። ድንበሩ የተበጀው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1907 በተፈራረሙት ውል ነው። መስመሩ ቦረናን ከሁለት ከፈለ፤ ከተማዋም አንድ ስም ይዛ ሁለት አገር ሆነች። በታህሳስ 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር አገልግሎት ማዕከሉን መረቁ። አሠራሩ ቀላል ነው። የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በመዳረሻው አገር ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ወደ ኬንያ የሚሄደው በኬንያው ሕንፃ ውስጥ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዚያው ኬንያ ይገባል። የዚህ ዓይነት ኬላ በአፍሪካ ቀድሞ የተሠራው በ2009፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ቺሩንዱ ላይ ነው። ለሞተረኛው ትልቁ ጥቅም የመውጫውን ማህተም የመርሳት ዕድሉ መቀነሱ ነው፤ አራቱም መስኮቶች አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

የዚህ ተቃራኒ የቱርካና ሐይቅ መንገድ ነው። ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ በዳሰነች አገር፣ ከኦሞራቴ ተነስቶ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ሎያንጋላኒ የሚወርድ የአሸዋና የጥቁር ድንጋይ መንገድ አለ። ረጅም ርቀት የሚነዱ ሰዎች ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራል። ኦሞራቴ ላይ ኢሚግሬሽን የመውጫ ማህተም ይመታል። ከማዶ ኢለሬት ላይ ግን ለብዙ ዓመታት ተጓዡ ያገኝ የነበረው የፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ፖሊሱ ስሙን በመዝገብ ጽፎ ያሳልፈዋል፣ የመግቢያ ማህተሙን ግን ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ያስመታል። እነዚያን ሁሉ ቀናት ሰውየው ኬንያ ውስጥ እየነዳ በወረቀት ገና ኬንያ አልገባም። ሞተሩም እንዲሁ። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ቤንዚኑን በጀሪካን ከመጫኑ በፊት የካርኔውን ማህተም ከየት እንደሚያገኝ ማጣራት አለበት፤ ብዙዎች ቤንዚኑን ያስባሉ፣ ማህተሙን ይረሳሉ።

ከፓስፖርትና ከካርኔ ቀጥሎ የሚጠየቁት ሁለት ቢጫ ካርዶች ናቸው። አንዱ የሰውየው ነው፣ አንዱ የሞተሩ። የሰውየው ቢጫ ካርድ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ ቀድሞ በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሆኗል። የሞተሩ ቢጫ ካርድ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ስምምነቱ የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በታህሳስ 1986 ነው። ሐሳቡን ከአውሮፓው አረንጓዴ ካርድ ያገኘ ሲሆን፣ በአንድ አገር የተገዛ መድን በሌሎቹ አባላት ዘንድም እንዲሠራ ያደርጋል። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ዛምቢያ፣ ማላዊ፣ ዚምባብዌ አሉበት፤ የኮሜሳ አባል ያልሆነችው ታንዛኒያም ገብታበታለች። በየድንበሩ አዲስ መድን ከመግዛት ያድናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተገጨውን እግረኛ ያድነዋል። ሞተረኛ የሌላ አገር ሰው ገጭቶ ድንበር ቢሻገር የተጎዳው ገበሬ ማንን ይከሳል? ስለዚህ ካርድ ማንም አይዘፍንም፤ እኔ ግን አፍሪካውያን በጋራ ከሠሯቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ጉዳይ ገዳዮችም አንድ ነገር ልበል። የከባድ መኪና ሰልፍ ኪሎ ሜትር በሚረዝምባቸው ኬላዎች ሞተረኛው ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ይከቡታል። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ፈቃድ ያለው ትራንዚተር ሙያተኛ ነው፤ የትኛው መስኮት ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የመንገድ ግብሩ የት እንደሚከፈል ያውቃል፤ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል። ፓስፖርት ነጥቆ የሚሮጠው ሌላ ነው። ወረቀት ከእጅ አለማስወጣት፣ ራስ ይዞ መስኮት ለመስኮት መዞር፣ ዋጋ ሳይቆረጥ ሥራ አለማስጀመር፤ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። የሻይ ስለሚጠይቀው ሠራተኛም ተጓዦች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ጊዜ ያለው ሰው አይከፍልም። ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። የሚከፍለው ከመምሸቱ በፊት ሌላ ከተማ መድረስ አለብኝ ብሎ የመጣው ነው፤ የከፈለውም ለሚቀጥለው ሞተረኛ ዋጋ ተምኖ ያልፋል። ስለዚህ ድንበር የሚሻገሩበት ቀን የመንዳት ቀን ተብሎ ባይቆጠር ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ስለ ሞተሩ ነው። ስለ ሰውየው ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በታህሳስ 11 ቀን 1934 ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች 600 ሲሲ ፓንተር ሞተር፣ ከነጎን ጋሪውና ከነተጎታቹ ይዘው ከለንደን ተነሱ። ሰሐራን አቋርጠው ሐምሌ 29 ቀን 1935 ኬፕ ታውን ገቡ። ከእነሱ በፊት አህጉሩን እንዲህ ያቋረጠ አልነበረም። ድካማቸውን ማንም አይክድም፤ አሸዋው ሞተር ይበላል። የኬላቸውን ነገር ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ከአልጄርስ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ያለፉባት አፍሪካ ያኔ በፈረንሳይ፣ በቤልጂግና በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ከመንገዱ ግማሽ ያህሉ የራሳቸው ንጉሥ ባንዲራ የተሰቀለበት ነው። በዚያ ዘመን ያንኑ መንገድ ለማቋረጥ የሚነሳ አፍሪካዊ ከሰፈሩ ለመውጣት የቅኝ ገዢውን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ቴድ ሳይመን በጥቅምት 6 ቀን 1973 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ከለንደን ሲነሳ አብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች ነፃ ወጥተው ነበር። በአራት ዓመት 45 አገር ዞሯል፤ በሱዳን አድርጎ በእኛም አገር አልፎ ወደ ኬንያ ወርዷል። ረጅም የሞተር ጉዞን ለብዙ ሺህ ሰው ያስመኘው በ1979 የታተመው መጽሐፉ ነው። በ2007 ተዋናዩ ኢዋን መግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ኬፕ ታውን ሲነዱ ኢትዮጵያን አልፈው በሞያሌ ወጡ፤ ጉዞውም በቴሌቪዥን ታየ። የእነዚህን ሰዎች ጽናት አከብራለሁ። ነገር ግን የሦስቱም ጉዞ በአንድ ዓይነት ፓስፖርት የተሠራ ነው። ስለ ድንበር የጻፉትንና የተናገሩትን ስናነብ፣ ችግራቸው በአመዛኙ የሞተሩ ችግር እንደነበር እናያለን፤ ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር።

አሁን ሊብሬው አዲስ አበባ የተጻፈ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሞተረኛ እናስብ። ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ይህ የቆየ የጉርብትና ስምምነት ፍሬ ነው። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን ሁሉ በሯን ከፍታለች። ከዚያ ወዲያ ግን በየአገሩ መስፈርቱ ይለያያል፤ ደቡብ አፍሪካ ቪዛውን አስቀድሞ ከኤምባሲ ይዞ እንዲመጣ ትጠይቃለች። ቪዛ የሚጸናበት ጊዜ አለው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሞተር ይበላሻል፣ ሰው ይታመማል፣ ዝናብ ድልድይ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ያስመታው ቪዛ ሦስት ወር ነድቶ ሲደርስ ሊያልፍበት ይችላል። መንገድ ላይ ሆኖ ሌላ እንዲያመለክት ደግሞ ብዙ ኤምባሲዎች "ከምትኖርበት አገር አመልክት" ይሉታል። እንግሊዛዊው ሞተረኛ ጉዞውን በዝናብ ወራት ሲያሰላ፣ ኢትዮጵያዊው በቪዛ ቀናት ያሰላል።

ለሰው የሚሆን ካርኔ የለም። አንድ ደብተር፣ አንድ ዋስ፣ በየኬላው ሁለት ማህተም፤ ለሞተር የተሠራው ይህ ነገር ለሰው አልተሠራም። የሞከሩት አሉ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከ1979 ጀምሮ ባላቸው ስምምነት ከአክራ የተነሳ ሞተረኛ ያለ ቪዛ ሌጎስ ይደርሳል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2014 ወዲህ ዜጎቻቸውን በመታወቂያ ብቻ ያሳልፋሉ። ለመላው አህጉር የታሰበው የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ደግሞ በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ጸደቀ። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየፓርላማቸው ማጽደቅ አለባቸው። ፈራሚው ከሠላሳ ይበልጣል፤ ያጸደቁት ግን ሩዋንዳን፣ ኒጀርንና ማሊን ጨምሮ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኅብረቱ መቀመጫ በሆነችው ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ቁጥር በየዓመቱ ልንጠይቅ ይገባን ነበር።

ይህን የምለው ለሞተረኞች ተቆርቁሬ ብቻ እንዳይመስል። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በታንዛኒያ ወደ ማላዊ፣ ከማላዊ በሞዛምቢክ ቴቴ በኩል ወደ ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው መንገድ የረጅም ርቀት ሞተረኞች መንገድ ነው። ከደቡባችን፣ ከሐድያና ከከምባታ፣ ከወላይታም የሚነሱ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድማቸው ጋ ለመድረስ የሚወስዱትም ያንኑ መንገድ ነው። ልዩነቱ እነሱ በቀን አለመሄዳቸው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2020 የሞዛምቢክ ባለሥልጣናት ከማላዊ የመጣ ከባድ መኪና ቴቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ አስቆሙ። ኮንቴነሩ ሲከፈት ውስጡ 78 ሰው ነበር። 64ቱ ታፍነው ሞተዋል፤ 14 ተርፈዋል። ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በዚያው ድንበር፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ካርኔ የያዘ ሞተር ሲደርስ የሚሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ሠራተኛው የሻንሲውን ቁጥር ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል፣ ቁራጩን ቀድዶ ያስቀምጣል፣ ጉርዱ ላይ ማህተም ይመታል። በተራ በተራ ቢሆን አንድ ሰዓት አይፈጅም።